ከጣና ዳር እስከ ጋይንት ደጋ፦ የ1858ቱ ሰፈርና ወረርሽኙ

ድጓ የዘለቀ ደቀ መዝሙር ሊያስመሰክር ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም ሲወጣ፣ ከደብረ ታቦር በኩል የመጣ እንደ ሆነ የሚረግጠው የጋይንት መንገድ የዜማ መንገድ ብቻ አይደለም፤ በ1858 ዓ.ም. ክረምት ሄንሪ ብላንክ የተባለ ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋር በዘበኛ ተከቦ ወደ መቅደላ ግዞት የወረደው በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነበርና። ይህ እስረኛ ግን ከጥቂት ሳምንት በፊት ያሳሪውን የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ከዕልቂት ያተረፈ ምክር የሰጠ ሰው ነበር።

የዚያን ዘመን የሠራዊት ሰፈር መሠረት የሌለው ከተማ ነው። ወታደሩ ብቻውን አይዘምትም፤ ሚስቱ፣ ልጁ፣ አሽከሩ፣ እህል ፈጪዋና ውኃ ቀጂዋ፣ የጭነት አጋሰሱና የሚታረደው ከብት ሁሉ አብረውት ይሰፍራሉ። ሰፈሩ በአንድ ስፍራ በዘገየ ቁጥር እንጨቱ ያልቃል፣ ሣሩ ይራቆታል፣ ጥምቡ ይበዛል፤ ውኃ ቀጂዋም እንስራዋን የምትነክረው ከላይ በቅሎ ከሚጠጣበት፣ ልብስ ከሚታጠብበትና ዝናም የሜዳውን እድፍ ጠርጎ ከሚያወርድበት ወንዝ ነው።

ኮሌራ በ1857 ዓ.ም. በመካ ተጓዦች መካከል ተነሥቶ በቀይ ባሕር ዳርና ዳር ከተሠራጨ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በጣና ዳር ሰፍሮ በነበረው በንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ላይ ወደቀ። አገሩ ጤነኛውን ሰው በአንድ ቀን ገፍትሮ ስለሚጥል ፈንግል ይለው የነበረውን ይህን በሽታ ተስቦና ፈንጣጣ ተከተሉት፤ ኮሌራ የማረውን እነርሱ ወሰዱት። ብላንክ እንደ ጻፈው፣ በዚያ የነበረው ቤተ ክርስቲያን በሬሳ ተጨናንቆ መቀበል ስለ ተሳነው፣ በአጠገቡ ባለው መንገድ ላይ ዘመድ ሬሳውን ከብቦ ቀንና ሌሊት የመቃብር ተራ ይጠብቅ ነበር። በክርስቲያን አገር በቅዱስ ስፍራ አለመቀበር ከሞት የከበደ ኀዘን መሆኑን የሚያውቅ፣ ያ ጥበቃ ምን እንደ ነበረ ይረዳዋል።

ብላንክ በእንግሊዝ የህንድ ሠራዊት ሐኪም ሲሆን፣ በዐፄ ቴዎድሮስ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር መጥቶ እርሱም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ተይዞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ምክሩን ቢጠይቁት፣ ወደ በጌምድር ደጋ በቶሎ እንዲወጡ፣ ድውያኑን ከኋላ ለይተው እንዲተዉ፣ ሠራዊቱን በየአውራጃው እንዲበታትኑ፣ አዲስ የሚታመመውንም ወደ ተለዩ ጤናማ ስፍራዎች እንዲሰዱት መከራቸው። እርሳቸውም እንደ ምክሩ ስላደረጉ፣ ወረርሽኙ ኃይሉ እየደከመ ሄዶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠፋ።

በለንደን ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ኮሌራ ከመጠጥ ውኃ እንደሚመጣ ያመለከተው ከዚህ 12 ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ሐኪሞች ገና ክፉ አየርን ይወቅሱ ነበር፤ ሮበርት ኮክ የተባለው ሊቅ የበሽታውን ረቂቅ ተሕዋስ ለይቶ ያወጣውም በ1876 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የደጋው አየር ብቻውን ፈዋሽ አልነበረም፤ የፈወሰው ከረከሰው ውኃ መራቅና ከጉባኤ ብዛት መለያየት ነው። ይህንንም ባላገሩ በስሙ ባይጠራው በልማዱ ያውቀው ነበር፤ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ምሕላ ይዞ፣ ጸበል ጠጥቶ፣ ደግሞም ቀዬውን ለቆ ወደ ዱርና ወደ ዋሻ ይሸሽ ነበርና። የንጉሥ ሰፈር ግን እንደ ገበሬ ቤት አይበተንም፤ የሠራዊት መበተን የግርማ መጕደል፣ ለሸፈተውም መኳንንት በር መክፈት ነውና፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያን ምክር መቀበላቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

ሠራዊቱ ዳነ፤ ሐኪሙ ግን አልተፈታም። በሐምሌ ወር ዝናም ጋይንትን አቋርጦ መቅደላ ገባ፤ በዚያም እግር ብረት ገባበት፤ እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ድረስም ከአምባው አልወረደም።