ምልክት የሌለው መጠጥ ቤት

በኢትዮጵያ የጠላ ቤት ደጃፍ በእንጨት ጫፍ ላይ በተደፋ ጣሳ ይታወቃል። ከጥቁር ዓባይ ማዶ በሚገኘው ሐጅ ዩሱፍ ግን የመሪሳ ቤት ምልክት ለመስቀል የደፈረ አልነበረም። እንግዳ የሚገባው በሚታወቅ ሰው መሪነት ነበር፤ በግቢውም ከጋንና ከቅል በቀር መጠጥ ቤት የሚያሰኝ ነገር አያገኝም ነበር።

ይህ መሸሸግ ግን የጥንት ልማድ አይደለም። መሐዲው በ1880ዎቹ መጠጥን ቢከለክልም፣ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1898 ከወደቀ በኋላ «እንዳያ» የሚባሉት የመሪሳ ቤቶች በመንግሥት ፈቃድ፣ በሴቶች እጅ፣ በግልጽ ይሠሩ ነበር። በመሐል ካርቱም ደግሞ ግሪኮች በከፈቷቸው ቡና ቤቶች ቢራና ውስኪ ይቀዳ ነበር፤ «ግመል» የተባለውም ቢራ እዚያው በአገሩ ይጠመቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ የሸሪዓን ሕግ ሲያውጁ፣ ያ ሁሉ መጠጥ በአደባባይ ወደ ዓባይ ተደፋ። የመሐል ከተማው ቡና ቤትም በዚያው አበቃ።

የመሪሳው ታሪክ ግን በዚህ አልተቋጨም። በዚያው ዓመት የተቀሰቀሰው የደቡብ ጦርነትና የተከተለው ድርቅ የደቡብን፣ የኑባ ተራሮችንና የዳርፉርን ተፈናቃይ ወደ ሐጅ ዩሱፍ አመጣ። እርሻም ከብትም የሌላት እናት የያዘችው ሙያዋን ብቻ ነበር።

የሙያው ክብደት ቀላል አይደለም። ማሽላው በቅሎ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ የኮመጠጠውም ሊጥ እስኪጠቁር በእሳት ይበስላል። እንኩሮ ያነኮረች ኢትዮጵያዊት ይህን ስታይ አዲስ አይሆንባትም፤ የሚጎድለው ጌሾው ነው። ሱዳናዊው ሊቅ ሐሚድ ድራር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ አገራቸው የተብላሉ ምግቦች ባሳተሙት መጽሐፍ መሪሳን በሰፊው ተንትነዋል። መሪሳ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ አይከማችም፤ ዘወትር መጥመቅ ግድ ነው፤ ሽታውም ቤቱን ያጋልጣል።

ዋጋውን የከፈሉት ጠማቂዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1991 የወንጀል ሕግ ጠጪውንም ሻጩንም ይቀጣ ነበር። የኦምዱርማን የሴቶች ወህኒ ቤት ለዓመታት የሞላው በአብዛኛው በእነዚሁ ሴቶች ነበር፤ ጋናቸው ተሰብሮ፣ ራሳቸውም ተገርፈው ሲወጡ ተመልሰው ይጠምቁ ነበር፤ ልጆቻቸው የሚበሉት ሌላ አልነበራቸውምና። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ሙስሊም ላልሆነው መጠጣት ሲፈቀድ፣ ፍርሃቱ ጥቂት ቀለል አለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ፈነዳ፤ ሐጅ ዩሱፍም በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ጋኑን ከግቢው ትተው ለሁለተኛ ጊዜ ተፈናቀሉ።