ሰባቱ ከዋክብት ስንት ናቸው?



ባለፈው ኅዳር ከለቅሶ ድንኳን አምሽተን ስንወጣ መብራት ጠፍቶ ነበርና ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ታየን። ሰባቱ ከዋክብት ከአናታችን በላይ ተሰብስበዋል። ወዲያው ክርክር ተነሣ። ሽማግሌው ጥሩምባ ነፊያችን «ሰባት ናቸው፣ በልጅነቴ ቆጥሬያቸዋለሁ» አሉ፤ ሌሎቹ ስድስት ነው አሉ። እኛ 35 ዓመት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ነንና ቆጠራ ሲሳሳት አንወድም፤ ግን ባይናችን አምስት ብቻ ስላገኘን ዝም አልን። (መነጽራችንም ቤት ቀርቶ ነበር።) ከዚያ ወዲህ መጻሕፍት አገላብጠን ያገኘነውን እነሆ።

ስማቸው የቆየ ነው፤ በመጽሐፈ ኢዮብና በትንቢተ አሞጽ ተጠቅሰዋል። የጥንት ግሪኮች የአትላስ ሰባት ሴት ልጆች ናቸው፣ አንዷ ግን ተሰውራለች ይሉ ነበር። እንግዲህ ክርክሩ የዛሬ አይደለም ማለት ነው። በአገራችን ቦረናዎች ቡሳን ይሏቸዋል። አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎቻቸው ወርን የሚለዩት ጨረቃን ከነዚህና ከሌሎች ከዋክብት ጋር እያስተያዩ መሆኑን ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1610 ጋሊሊዮ በመነጽሩ ቢያይ በዓይን ከሚታዩት ሌላ ከ40 በላይ አገኘ፤ 36ቱን በሥዕል አኖረ። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን የእንግሊዛዊው ቄስ የጆን ሚሸል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 በሒሳብ ሲያሰላው፣ ስድስቱ ደማቆች እንዲህ ተጠጋግተው በአጋጣሚ የመገኘታቸው ዕድል ከ500 ሺህ አንድ ያህል ሆነበት። ስለዚህ ለዓይናችን ብቻ የተቀራረቡ ሳይሆኑ የእውነት ጎረቤታሞች ናቸው አለ። ልክ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ከአንድ ደመና ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አብረው የተወለዱ ከ1000 በላይ ከዋክብት ናቸው። ርቀታቸውም 440 የብርሃን ዓመት ያህል ነው፤ ይኸውም ያን ሌሊት ያየነው ብርሃን የተነሣው በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ነው። ወደፊት ግን ቀስ በቀስ መበታተናቸው አይቀርም።

ሰባተኛዋስ? ፕሊዮኔ የምትባለው ብርሃኗ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አትላስ ከሚባለው ኮከብም ተጠግታለችና በዓይን ለመለየት ታስቸግራለች። ጠፋች የተባለችው እሷ ትሆናለች የሚሉ አሉ። በጨለማ ሌሊት ዓይኑ የበረታ ሰው ሰባትም፣ ከዚያም በላይ ይቆጥራል።

ጥሩምባ ነፊያችን በጥር ወር አረፉ። ልክ እንደነበሩ ሳንነግራቸው ቀረን። በመጪው ኅዳር ዓይኑ ደህና የሆነ አባል ቆጥሮ ያገኘውን ለጸሐፊው ያስመዝግብልን።