ማዕድና ሸክላ፦ ከእጃጂ ገበያ የሚነሣ የቅርስ ጥያቄ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የምግብ ባህልና የእጅ ጥበብ በአብዛኛው ለየብቻ ይጠናሉ። ይህ መጣጥፍ በምዕራብ ሸዋ የእጃጂንና የአካባቢዋን ማዕድ መነሻ አድርጎ ዕቃው የምግቡ አካል መሆኑን ያሳያል። ከጣልያኗ የሸክላ ከተማ ከፋየንሳ ጋር በማነጻጸርም የቅርስ ምዝገባ ከሸክላ ሠሪዋ ስም መጀመር እንዳለበት ይሟገታል።

መግቢያ

እጃጂ የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው ባኮ ከመድረሱ በፊት ያገኛታል። በስተምሥራቋ የጌዶ ደጋ አለ፤ በስተምዕራቧ ደግሞ አገሩ ወደ ባኮ ሞቃት ሜዳ ይወርዳል። የደጋው ገብስና ቅቤ ከቆላው በቆሎ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ባሉ ከተሞች ገበያ ነው። እህሉን የሚያበስለው፣ ወተቱን የሚያረጋው፣ ቡናውን የሚያፈላው ዕቃም የሚሸጠው እዚያው ነው። ይሁንና በብዙ የአገራችን ገበያዎች ሸክላ የሚዘረጋው ዳር ላይ ነው። ስለ ምግባችን በተጻፈው ውስጥም ሸክላ ሠሪዋ ያገኘችው ቦታ ከዚህ ብዙም አይሻልም።

ዕቃው ለምግቡ ምን ያደርጋል?

ከወተት እንጀምር። የወተት ዕቃው፣ ጮጮው፣ ወተት ከመቀበሉ በፊት ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ወተቱን ቶሎ ከሚያበላሹ ተሕዋስያን ይጠብቀዋል፤ የእርጎው መዓዛም የሚመጣው ከዚሁ ነው። እርጎው ያንን ጣዕም ያገኘው ከላሟ ብቻ ሳይሆን ከዕቃውም ነው። ጭኮም እንዲሁ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፣ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ይለወሳል፣ ከዚያም ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል። ውኃ ስለሌለው ብዙ ቀን ይቆያል። በኦሮሞ የቡና ቃላ ሥርዓት ደግሞ የደረቀው የቡና ፍሬ ጫፉ ተነክሶ በቅቤ ይጠበሳል፤ ከበላተኛው በፊት ምርቃቱ ይቀድማል። የቡናው ፍሬ እንደ እርድ የሚቆጠርበት፣ ማዕዱ ጸሎትም የሆነበት ሥርዓት ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ገብሱ የሚቆላበት፣ ቅቤው የሚነጠርበትና ቡናው የሚጠበስበት ሸክላ አለ።

የምጣድ አሠራር

ጥበቡ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በምጣድ ላይ ነው። ሸክላ ሠሪዋ የሸክላውን አፈር፣ በአፋን ኦሮሞ ሱጴ የሚባለውን፣ ቆፍራ ታመጣለች። አድርቃ ትወቅጠዋለች፣ ጠጠሩን ትለቅማለች፣ ከዚያ በውኃ ታርሰዋለች። ብቻውን ከተሠራ እሳት ላይ ስለሚሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትቀላቅልበታለች። ፍርክስክሱ ሸክላው በሙቀት ሲለጠጥና ሲኮማተር ጫናውን ይቀንስለታል። ገል በሚጠቀሙት ሠሪዎች ዘንድ የተሰበረው አሮጌ ምጣድ ተፈጭቶ የአዲሱ አካል ይሆናል ማለት ነው። የሚሽከረከር መንኮራኩር የላትም፤ ክቡን ልክ የሚያወጡት መዳፏና ዓይኗ ናቸው። ፊቱን በለስላሳ ድንጋይ ትወለውለዋለች፣ በጥላ ታደርቀዋለች፣ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ትተኩሰዋለች። ጥላው ለከንቱ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ጠርዙ ከመሐሉ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ገዢዋ ደግሞ ቤቷ ወስዳ ታሟሸዋለች። ምጣዱን እሳት ላይ ጥዳ በደቀቀ ጎመን ዘር ደጋግማ ታሸዋለች። ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ ሞልቶ ፊቱ ጠቁሮ ሲያብረቀርቅ እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሣል። ስለዚህ የእንጀራው ዓይን የሊጡ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ሠሪዋና አሟሺዋም እጃቸው አለበት። ቡላ ዋዬሳ በ2011 እ.ኤ.አ. በወለጋ የኦሮሞ ሸክላ ሠሪዎች ላይ ባሳተመው ጥናት የመረመረው የሸክላ አሠራርን ስልት ነው። የሸክላ ዕውቀት ከዕቃው ቅርጽ ይልቅ በእጅ እንቅስቃሴ ውስጥ ስለሚኖር ሠሪዋ ስታልፍ አብሯት ያልፋል።

ሁለት አገሮች፣ አንድ ዓመት

በጣልያን በኤሚሊያ ሮማኛ የምትገኘው ፋየንሳ በሸክላዋ ስሟ የናኘ ከተማ ናት። «ፋየንስ» የሚለው የሸክላ መጠሪያ የመጣው ከከተማዋ ስም ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቺፕሪያኖ ፒኮልፓሶ የተባለ ጣልያናዊ የሸክላ ሠሪን ጥበብ ከአፈሩ እስከ ምድጃው በሥዕል አስደግፎ ጽፏል። በ1908 እ.ኤ.አ. ጋኤታኖ ባላርዲኒ በፋየንሳ ዓለም አቀፍ የሸክላ ሙዚየም መሠረተ። በ1944 እ.ኤ.አ. ሙዚየሙ በቦምብ ሲወድም ከተማዋ እንደገና አቆመችው።

ሙዚየሙ በተመሠረተበት በ1908 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በጥር 1900 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን የሚሰድቡትን የሚገሥጽ አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ካልቆመ አገሩ ማረሻ የሚሠራለት ሰው እንኳ እንደሚያጣ አስጠንቅቀዋል። አንዱ አገር ለሸክላው ሙዚየም ሲከፍት ሌላው ሠሪውን ከስድብ ለመታደግ አዋጅ አስፈልጎታል። የአዋጁ ሐሳብ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ልማድን አልሻረም። በአሉላ ፓንክረስትና በዴና ፍሪማን አዘጋጅነት ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የእጅ ባለሙያዎች የታተመው የጥናት ስብስብ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም ሠሪዎቹ በጋብቻና በአብሮ መብላት ይገለሉ እንደነበር አሳይቷል። ሸክላዋን ገዝቶ ሠሪዋን ከማዕድ ማራቅ፣ ይህ መጣጥፍ ከሚያነሣው ሁሉ የሚከብደው ነገር ይህ ነው።

ማጠቃለያ

ይህ አካባቢ ለሥራው ስም መስጠት ያውቅበታል። ከእጃጂ ቀጥላ ያለችው ባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከሏ ላወጣቸው የበቆሎ ዲቃላዎች ስሟን ሰጥታለች፤ ቢ.ኤች. የሚለው ምሕጻር የመጀመሪያ ፊደል ባኮን ያመለክታል። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው አምቦ ዩኒቨርሲቲም ለእንዲህ ያለ ጥናት በቅርብ አለ። ለዘሩ የተደረገው ለሸክላውም ሊደረግ ይችላል። አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ ምን እንደሚቀላቀልበት፣ እንዴት እንደሚተኮስ፣ በየትኛው ዕቃ የትኛው ምግብ እንደሚሠራ በሥዕልና በድምፅ መመዝገብ አለበት።

ጊዜው አልፏል የሚል ካለ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ገልብጦ ይመልከት። የሚግለው ሽቦ የተዘረጋበት ገበታ ዛሬም ሸክላ ነው፤ የከተማ ሰው በኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚበላው እንጀራም በሸክላ ሠሪዋ ሥራ ላይ ይጋገራል። ስለዚህ መዝገቡ ሲከፈት የመጀመሪያው ዓምድ የሠሪዋ ሙሉ ስም፣ በፈቃዷና በራሷ አንደበት እንደተናገረችው፣ ይሁን። የዕቃው ስም ከዚያ ቀጥሎ ይጻፋል።