ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፤ የቆራጣ መጠጊያ

የጉና ተራራ ርብንና ጉማራን አፍልቆ፣ በደብረ ታቦር አገር ቍልቍል አውርዶ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ አሳልፎ ወደ ጣና ባሕር ይሰዳቸዋል። ጉማራ ከባሕሩ ከሚገባበት በስተ ደቡብ፣ በደራ አገር፣ ከውኃው ዳር ቆራጣ የምትባል የታወቀች ደብር አለች። ይህች ደብር የምትጠራው በንጉሥ ወይም በጳጳስ ስም አይደለም፤ ወለተ ጴጥሮስ በምትባል በአንዲት መነኵሲት ስም ነው እንጂ።

ስለ ታላላቅ ሴቶች በተነገረ ጊዜ የሰው አሳብ አስቀድሞ ዘውድ ወደ ደፉት ይሄዳል። ንግሥተ ሳባን፣ እቴጌ ምንትዋብን፣ እቴጌ ጣይቱን የማያነሣ የለም፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ዙፋን ሳይኖራት፣ ሠራዊት ሳታሰልፍ፣ የጭፍራ አለቃ ሳትሾም፣ የመንግሥትን ትእዛዝ በቃሏና በትዕግሥቷ ብቻ የተቋቋመች ሴት ሥራዋ ከነገሥታት ሥራ አያንስም። የወለተ ጴጥሮስ ታሪክ የዚህ ምስክር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የዐፄ ልብነ ድንግል ሞግዚት የነበሩት ንግሥት እሌኒ በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣውን አደጋ አስቀድመው አይተው፣ በ1502 ዓ.ም. ገደማ ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ኋላም ግራኝ አሕመድ አገሩን ባጠፋ ጊዜ 400 የሚያህሉ የፖርቱጋል ወታደሮች ለርዳታ መጡ፤ የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ ወርደው አብረዋቸው ዘመቱ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ግራኝ ወደቀ፤ ዐፄ ገላውዴዎስም ድል አደረጉ። ይህ የማይካድ ውለታ ነው። እንግዲህ ለወዳጅ በሩን የከፈተች ሴት ነበረች፤ በዚያው በር የገባው እንግዳ የቤቱ ጌታ ልሁን ባለ ጊዜ ወሰኑን ያሳየችውም ሴት ናት።

ከወታደሮቹ በኋላ ኢየሱሳውያን የሚባሉ የሮም መምህራን መጡ። ከእነርሱ መካከል በ1595 ዓ.ም. የገባው ጴጥሮስ ፓኤዝ የአገሩን ቋንቋ የተማረ፣ ታጋሽና ብልህ ሰው ስለ ነበረ የዐፄ ሱስንዮስን ልብ ማረከ። ንጉሡም በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጥ አስታወቁ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1617 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። የተጠመቀው ሕዝብ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ቀሳውስቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፣ ታቦታቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፣ የቅዳሜ ሰንበትም እንዲቀር ጠየቀ። ይህ ማለት አባቶች ያጠመቁት አልተጠመቀም፤ የቀደሱትም ቅዳሴ አይደለም ማለት ነው። ሕዝቡን ያስቈጣውም ስለ ባሕርይ የተደረገው የሊቃውንት ክርክር ብቻ አልነበረም፤ የሞቱት አባቶቹና እናቶቹ ያለ ጥምቀት እንደ ሞቱ መቈጠራቸው ነው።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው ከዚህ ሁሉ በፊት በ1584 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ሁለቱም ከመኳንንት ወገን ናቸው። ለዐፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አለቃ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ይህ መልክአ ክርስቶስ ኋላ በላስታ ከተነሣው መልክአ ክርስቶስ የተለየ ነው። ከእርሱም ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። የባለጠጋ ቤት እመቤት፣ ሎሌና ገረድ የሚታዘዝላት ስትሆን፣ ሦስት ጊዜ ቀብራ ሦስት ጊዜ ባዶ እቅፍ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ልቧ ወደ ምናኔ አዘነበለ።

በ1609 ዓ.ም. የንጉሡ አማች ዮልዮስ ስለ ሃይማኖት በሸፈተ ጊዜ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን አብረውት ወጥተው በጦርነቱ ተገደሉ። ገድሏ እንደሚናገረው፣ ባሏ የተገደሉትን ጳጳስ ልብስ ይዞ መገኘቱን ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋር መኖር የማይቻል ሆነባት። ቀድሞም ከቤቷ ወጥታ ሳለ፣ መልክአ ክርስቶስ የተሸሸገችበትን አገር ሰዎች ስላስጨነቀ፣ በእርሷ ምክንያት ድኻ እንዳይጠፋ ብላ ተመልሳ ነበር። በመጨረሻ ግን ቈርጣ ወጣች፤ ዕድሜዋም ወደ 25 ዓመት ሲሆን መነኰሰች። ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቷ ያልተለየቻት ጓደኛ እኅተ ክርስቶስ የምትባል መነኵሲት ናት። በቤቷ ሳለች ሌሎች የፈጩላት እመቤት በገዳም እህል ፈጨች፤ ውኃም ተሸከመች።

የሮም ሃይማኖት በዐዋጅ በጸና ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ከበዓቷ ወጥታ በየአገሩ እየዞረች አስተማረች፤ የንጉሡም ስም በቅዳሴ እንዳይጠራ ተናገረች። ይህ በዚያ ዘመን በሞት የሚያስቀጣ ቃል ነው። ወደ ቤተ መንግሥት ተጠርታ ቀረበች። ዘመዶቿ ማልደው ከሞት አዳኗት እንጂ ፍርዱ ቀርቦ ነበር። ወደ ዋልድባና ወደ ጸለምት ሄዳም ዝም አላለችም። ሁለተኛ ተጠርታ በቀረበች ጊዜ ንጉሡ ልቧን ይመልስ ዘንድ ለሜንዴዝ ሰጧት። ፓትርያርኩም ለወራት ደከመ፤ ግን አልተቻለውም።

ይህን ያደረገች እርሷ ብቻ አይደለችም። ኢየሱሳውያን ራሳቸው በጽሑፋቸው የመኳንንቱ ሚስቶችና እናቶች ከወንዶቹ ይልቅ እንዳስቸገሯቸው መስክረዋል። ወንዱ ሹመቱንና ርስቱን እያሰበ ለንጉሡ ቃል ራሱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ሴቲቱ በቤቷ ጾሟንና ሰንበቷን ትጠብቅ ነበር። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር በሃይማኖት ተለያዩ። የዚያ ዘመን መከራ በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በማዕድ ዙሪያም ነበረ።

ንጉሡ ወለተ ጴጥሮስን ወደ ዠበይ፣ በሱዳን ወሰን አጠገብ ወዳለው ሞቃት ቈላ አጋዟት፤ በዚያም ሦስት ዓመት ኖረች። ያጋዟት ከሰው ተለይታ እንድትረሳ ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የአባቶቻቸውን ሃይማኖት አንለቅም ብለው የሸሹ ወንዶችና ሴቶች ፈልገው ወደ እርሷ መጡ፤ የመጀመሪያው ማኅበሯም በግዞት ቦታ ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ ስድስት ማኅበራት ተጨመሩ፤ እነርሱም የጫንቋ፣ የምጽሌ፣ የዘጌ፣ የደምቦዛ፣ የአፈር ፈረስና የዛምቦል ናቸው። በማኅበሯ ገንዘቡ የጋራ፣ ማዕዱም የጋራ ነበር። ሴት በወንዶች ላይ እንዴት ታዛለች ብለው የተቃወሙ መምህራን አልታጡም፤ ነገር ግን አባ ፈትለ ሥላሴ የሚባሉት ሊቅ ተከራከሩላት። ዲቦራ እስራኤልን መፍረዷን፣ አስቴር ሕዝቧን ማዳኗን ያነበበ ሊቅ ሌላ መልስ ሊሰጥ አይችልም ነበር።

በመንግሥቱ ላይ ዓመፅ በየአገሩ በረታ። በ1624 ዓ.ም. ከላስታ ከተነሡት ጋር በተደረገው ጦርነት የብዙ ሺህ ሰው ደም ፈሰሰ። የሞተውም የገደለውም ያንድ አገር ልጅ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስም በዚሁ ዓመት በሰኔ ወር ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ፤ በ1625 ዓ.ም. መስከረም ዐረፉ። ኢየሱሳውያንም ከአገር ወጡ። ይህን ድል ያመጣው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ነው ማለት ታሪክን ማሳነስ ነው። ነገር ግን ጦረኛ በተሸነፈ ጊዜ ይበተናል፤ የወለተ ጴጥሮስ ጉባኤ ግን በተሰደደች ቍጥር ይጨምር ነበር። ስለዚህ ከጦሩ ሜዳ በፊት ድል የተደረገው በግዞቱ ቦታ ነው።

እርሷ ግን ከድሉ በኋላ ሹመትና ክብር ልትቀበል ወደ ቤተ መንግሥት አልገባችም። ዐሥር ዓመት ያህል ማኅበሯን ስትጠብቅ ኖራ፣ በመነኰሰች በ26ኛው ዓመት፣ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። እኅተ ክርስቶስም ማኅበሩን እየመራች እስከ 1641 ዓ.ም. ቈየች። ከዕረፍቷ 30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የሚባል መነኵሴ እርሷን ካወቁ ሰዎች ጠይቆ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። ገድሉ በ1904 ዓ.ም. በአውሮፓ ታተመ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ወጣ። ኢትዮጵያዊ ስለ ኢትዮጵያዊት ሴት ሕይወት በራሱ ቋንቋ አስቀድሞ እንደ ጻፈ ዛሬ የባሕር ማዶ ሊቃውንትም ያነቡታል።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1642 ዓ.ም. ገደማ በስሟ ለሚተከለው ገዳም የቆራጣን ምድር ሰጡ። ይህች ደብር ከዚያ ወዲህ ከንጉሥ ቍጣ የሸሸ ሁሉ የሚጠጋባት ሆነች። በ1858 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም ከሰዎቹ ጋር የሰነበተው በቆራጣ ነበረ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ወለተ ጴጥሮስ ከባሏ ስትሸሽ መሸሸጊያዋ ተከበበባት፤ ከንጉሥ ስትሸሽ ወደ በረሃ ተጋዘች። በሕይወቷ ሳለች ራሷን የምታስጠጋበት ደጅ ያልነበራት፣ በስሟ የተተከለው ደጅ ለተሰደደ ሁሉ ተከፈተ። ግንብ የሠሩ ነገሥታት ብዙዎች ናቸው፤ ብዙው ግንባቸውም ፈርሷል። በቆራጣ ግን ኅዳር 17 ቀን በየዓመቱ የሚታሰበው ሦስት ልጆቿን ቀብራ የብዙ ስደተኞች እናት የሆነች የአንዲት መነኵሲት ስም ነው።