ብልህ መቆለፊያ፦ ፈቃዱ በማን እጅ ነው?

አማርኛ «ቁልፍ» በሚል አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። «ቁልፉን አቀብለኝ» ስንል በኪስ የሚያዘውን ብረት፣ «ቁልፉ ተበላሸ» ስንል በሩ ላይ የተገጠመውን ማለታችን ነው። መለየት ሲያስፈልግ ለመጀመሪያው «መክፈቻ»፣ ለሁለተኛው «መቆለፊያ» የሚሉ ቃላት አሉን። አሁን መለየት የሚያስፈልግበት ዕቃ መጥቷል። በአዲስ አበባ በአዳዲስ አፓርታማዎችና ለእንግዳ በሚከራዩ ቤቶች በር ላይ፣ በውጭ አገርም ዘመዶቻችን በሚኖሩባቸው ሕንፃዎች፣ በእንግሊዝኛ «ስማርት ሎክ» የሚባለው እየተለመደ ነው። ሻጩ «ስማርት ቁልፍ» ይለዋል፤ «ዲጂታል ቁልፍ»፣ «የአሻራ ቁልፍ»፣ «ዘመናዊ ቁልፍ» የሚሉትም አሉ።

እኔ «ብልህ መቆለፊያ» የሚለውን እመርጣለሁ። «ዘመናዊ» ማንኛውም አዲስና የሚያብረቀርቅ ዕቃ የሚጠራበት ስለሆነ የሚለየው ነገር የለም። «የአሻራ ቁልፍ» ከብዙዎቹ መክፈቻዎች አንዱን ብቻ ይጠራል። «መቆለፊያ» ግን በር ላይ የሚቀረውን ክፍል ለይቶ ያሳያል፤ መክፈቻው አንድ ቀን በጣት የሚነካ ኮድ፣ ሌላ ቀን ካርድ፣ ሌላ ቀን አሻራ ወይም ስልክ ሊሆን ይችላልና። «ብልህ» የሚለው ቅጽል ዕቃው የሚያስብ እንዳያስመስለው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብልሃቱ አንድ ነው፦ በሩ ለማን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚከፈት በማስታወሻው ይይዛል፤ የያዘውንም ሳይፈታ መለወጥ ይቻላል።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ለውጥ እንደሆነ ለመረዳት ቀድሞ የነበረውን ማየት ይጠቅማል። ዛሬ በብዙ ቤት በር ላይ ያለው ባለ ሲሊንደር መቆለፊያ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ታናሹ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሥራ ልጅ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ትናንሽ የብረት ዘንጎች በሞላ ይቆማሉ፤ የመክፈቻው ጥርሶች እያንዳንዱን ዘንግ በትክክለኛው ልክ ሲያነሡት ሲሊንደሩ ይዞራል። የመግባት ፈቃዱ የተጻፈው በብረቱ ቅርጽ ላይ ነው ማለት ነው። ብረቱን የያዘ ይገባል፤ ያስቀረጸም ይገባል። ለተከራይ የተሰጠ መክፈቻ ሲመለስ ስንት ቅጂ እንደወጣለት የሚያውቅ የለም፤ እርግጠኛ መሆን የሚሻ ሲሊንደሩን አውልቆ ይቀይራል። ችግሩን ቀድመው የተጋፈጡት ሆቴሎች ነበሩ። ኖርዌያዊው ቶር ሶርነስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀዳዳ የተበሳበት የፕላስቲክ ካርድ የሚያነብ መቆለፊያ ሠራ፤ እንግዳው ሲወጣ ለሚቀጥለው ሌላ ካርድ ይሰጣል፣ የቀድሞው ካርድ አይሠራም። የዛሬው ብልህ መቆለፊያ ይህንኑ አሳብ ወደ መኖሪያ ቤት ያመጣ ነው። ፈቃዱ ከብረቱ ወጥቶ መረጃ ሆኗል፤ ስለዚህ ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህን ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚነሣውና የሚያየው ማን እንደሆነ ነው።

በገበያ ላይ በአንድ ስም የሚሸጡት ዕቃዎች በዚህ ጥያቄ ሲመዘኑ ይለያያሉ። አንደኛው ዓይነት ከማንም ጋር አይገናኝም፤ ኮዱን፣ ካርዱንና አሻራውን የሚመዘግቡት በሩ ላይ ቆመው ነው፤ መረጃውም እዚያው ይቀራል። ሌላው በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይነጋገራል፤ ባለቤቱ በሩ አጠገብ ሲደርስ በስልኩ መተግበሪያ ይከፍተዋል። ሌላው ደግሞ በዋይፋይ ከአምራቹ የሩቅ ኮምፒውተር ጋር ይያያዛል። በዚህ ጊዜ አሜሪካ ያለች ልጅ አዲስ አበባ ለእናቷ ውኃ ሊያስተካክል ለመጣ ሰው በሩን መክፈት ትችላለች፤ አምራቹ ግን በመካከል ገብቷል ማለት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ብዙ ሰው የሚንቀው የመጀመሪያው ዓይነት ለአብዛኛው የአገራችን ቤት የሚበቃና የሚሻለው ነው። ከሩቅ መክፈት በእርግጥ የሚያስፈልገው፣ ለምሳሌ ቤቱን ለአጭር ቆይታ እንግዳ የሚያከራይ፣ ሦስተኛውን ይፈልግ። የማያስፈልገው ግን ለማይጠቀምበት አገልግሎት የቤቱን በር ከኢንተርኔት ጋር ባያያይዝ ይመረጣል።

ምርጫው ከዕቃው በፊት ከበሩ ይጀምር። ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው የሚያመጣው መቆለፊያ አብዛኛውን ጊዜ ለአሜሪካ በር የተሠራ ነው። እዚያ በሩ በአብዛኛው ሁለት ክብ ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ ለእጀታው፣ ከበላይ ያለው ደግሞ ለብቻው ለቆመው መወርወሪያ። በአዲስ አበባ በብዛት የምናየው ግን የአውሮፓውን ወይም የቻይናውን ሥርዓት የተከተለ ነው፤ ረጅሙ የመቆለፊያ ሳጥን በበሩ ጎን ውስጥ ይቀበራል፣ እጀታውና ሲሊንደሩም በአንድ ሰሌዳ ላይ ይያያዛሉ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ብረት በር ቆርጦና በይዶ ማስገባት ቢቻልም ከመቃኑ ጋር የነበረው ልክ ይበላሻል። ከመግዛት በፊት የበሩን ውፍረት፣ ከበሩ ጠርዝ እስከ ሲሊንደሩ መሐል ያለውን ርቀት፣ ከእጀታው መሐል እስከ ሲሊንደሩ መሐል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ለክቶ መያዝ፣ የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል። በሩን ሲዘጉ በትከሻ መግፋት ወይም በእጅ ማንሣት የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ማጠፊያው ይስተካከል። ሰው በጉልበት የሚያሸንፈውን መተሻሸት በባትሪ የሚሠራው ትንሽ ሞተር አያሸንፈውም፤ ምላሱ መሐል ላይ ይቆማል፣ ወይም ባትሪው በአጭር ጊዜ ያልቃል። ለግቢ በር የታሰበ ከሆነ ዝናብና ፀሐይ የሚችል መሆኑን በግልጽ የሚገልጽ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ለአፓርታማ የውስጥ በር የተሠራው አንድ ክረምት ሊከብደው ይችላል።

ከአሜሪካ ለሚመጣው ሌላም እንቅፋት አለ። ዚዌቭ በሚባለው የሬዲዮ መንገድ የሚነጋገሩ መቆለፊያዎች በየአህጉሩ የተለያየ ሞገድ ይጠቀማሉ፤ የአሜሪካው በ908 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሠራ የአውሮፓው በ868 ላይ ነው። ለአንዱ የተሠራ መቆለፊያ ለሌላው ከተሠራ ማገናኛ ዕቃ ጋር አይገናኝም። ብሉቱዝና ዋይፋይ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ይሁንና ወፍራም ብረት በር ሞገዳቸውን ያዳክመዋል።

የመብራት መጥፋት ነገር ብዙ ሰው በተሳሳተ በኩል ይፈራዋል። የቤት ብልህ መቆለፊያ በብዛት የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ አራት ኤ ኤ ድንጋይ የሚወስደው የተለመደ ሲሆን እንደ አጠቃቀሙ ለብዙ ወራት ይቆያል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መቆለፊያው አይጠፋም። የሚጠፋው የዋይፋይ ማሠራጫው ነው፤ በእሱ ላይ የተመሠረተው ከሩቅ የመክፈት አገልግሎትም አብሮት ይሄዳል። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አገር ይህን መመዘን ግዴታ ነው። መደብር ውስጥ የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ፦ ስልኩን ከዳታም ከዋይፋይም አላቅቁና ሻጩ በኮድ፣ በካርድ፣ በአሻራና በብሉቱዝ እንዲከፍት ጠይቁት። ከዚያ አዲስ ኮድ እንዲመዘግብ፣ የመዘገበውንም እንዲሰርዝ ጠይቁት። ያለ ኢንተርኔት የማይከፍት ወይም አዲስ ሰው የማይመዘግብ ከሆነ፣ የበራችሁ ፈቃድ በአምራቹ እጅ እንጂ በእናንተ እጅ አይደለም።

ይህ ስጋት በተግባር ታይቷል። በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ሎክስቴት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለተሸጡ መቆለፊያዎቹ የላከው የሶፍትዌር ማዘመኛ ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ ሆነና ወደ 500 የሚጠጉ መቆለፊያዎች በኮድ መክፈት አቆሙ። ከተጎጂዎቹ መካከል ቤታቸውን በኤርቢኤንቢ የሚያከራዩ ነበሩ። ማንም ሌባ አልነካቸውም፤ ከሩቅ የተላከ አንድ ስሕተት ብቻ በቂ ሆነ። የብረቱ መክፈቻ ያለው በእሱ ገባ። ለዚህ ነው የብረት መክፈቻ ቀዳዳ የሌለውን መቆለፊያ ለብቸኛ መግቢያ በር የማልመክረው። ቀዳዳ ከሌለው ቢያንስ ድንጋዩ ሲያልቅ ከውጭ ለአፍታ ኃይል የሚሰጥበት፣ የ9 ቮልት ባትሪ የሚነካበት ወይም ተንቀሳቃሽ የስልክ ባትሪ መሙያ (ፓወር ባንክ) በገመድ የሚያያዝበት፣ ቦታ ሊኖረው ይገባል። የተጠባባቂው መክፈቻ ደግሞ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አይጠቅምም፤ ለታመነ ጎረቤት ወይም ለቅርብ ዘመድ ይሰጥ።

ስለ ደኅንነት ሲነሣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መቀላቀል የለባቸውም። አንዱ የብረቱ ጥንካሬ ነው። ርካሽ ሲሊንደር፣ ቀጭን ምላስ፣ የላላ ሰሌዳ ያለው ዕቃ ኤሌክትሮኒክሱ ምንም ቢሆን በመፍቻ ይሸነፋል። ሁለተኛው ከስልኩ ጋር የሚያደርገው ንግግር ነው። አንቶኒ ሮዝና ቤን ራምዚ የተባሉ አሜሪካውያን በ2016 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ በተደረገ የመረጃ ደኅንነት ጉባኤ ላይ 16 በብሉቱዝ የሚሠሩ መቆለፊያዎችን ፈትነው 12ቱን መክፈት እንደቻሉ አሳዩ። አንዳንዶቹ የይለፍ ቃሉን ያለ ምንም ምስጠራ በአየር ላይ ይልኩት ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ታፕሎክ የተባለ የአሻራ ጓጉንቸር መክፈቻ ምስጢሩን የሚያሰላው ራሱ በብሉቱዝ በግልጽ ከሚያሠራጨው መለያ ቁጥር መሆኑን የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አጋለጡ፤ አጠገቡ የቆመ ሰው በስልክ ሊከፍተው ይችል ነበር። ተራ ገዢ ይህን መፈተሽ አይችልም። ማድረግ የሚችለው ስሙ የሚታወቅ፣ ጉድለት ሲገኝበት ማረሚያ የሚያወጣ አምራች መምረጥ፣ በሳጥኑ ላይ የአምራች ስም እንኳ የሌለውን ዕቃ መተው ነው። ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው የመጀመሪያ ኮድ በተገጠመበት ሰዓት ይቀየር፤ ገጣሚው ፊት ለፊት ቆሞ እያየ ሳይሆን ከሄደ በኋላ።

አሻራ ለብዙዎች ከሁሉ የሚያጓጓው ነው። ነገር ግን በቤቱ ያለው ጣት ሁሉ አንድ አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ፣ በልብስ አጠባ፣ በሲሚንቶ ወይም በእርሻ ሥራ እጃቸው የተላጠ ሰዎች አሻራ ብዙ ጊዜ አይነበብም። እናት በገዛ ቤታቸው በር ላይ ጣታቸውን ደጋግመው እየጫኑ ቆመው መቅረት የለባቸውም። ለእሳቸው ካርድ ወይም የብረት መክፈቻ ይዘጋጅ፤ ይህን የማይፈቅድ ዕቃ ለዚያ ቤት አይሆንም። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ የራሳቸው መመዘኛ አላቸው። ሰንበትን የሚጠብቅ ቤተሰብ በዚያ ቀን ኤሌክትሪክ ስለማያንቀሳቅስ፣ ያለ ሞተርና ያለ ኮድ በብረት መክፈቻ ብቻ የሚከፈትና የሚዘጋ መቆለፊያ ያስፈልገዋል።

ብልህ መቆለፊያ ከሚሰጠው ነገር ሁሉ በጣም ሊታሰብበት የሚገባው የመግቢያ መዝገቡ ነው። ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ይጽፋል፤ መዝገቡን የሚያየው ደግሞ ዋናው ባለፈቃድ ነው። አከራይ ይህን ይዞ የተከራዩን ውሎ መከታተል፣ አሠሪም የቤት ሠራተኛዋን መውጣትና መግባት መቁጠር ይችላል። በኒው ዮርክ ማንሃተን አንድ አከራይ የሕንፃውን በር በስልክ በሚከፈት መቆለፊያ ሲቀይር ተከራዮች ከሰሱት፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በስምምነት ሲያልቅ አከራዩ የብረት መክፈቻ እንዲሰጣቸው ተወሰነ። አንዱ ምክንያታቸው እንቅስቃሴያችን ይመዘገባል የሚል ነበር፤ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉና በስልክ መክፈት ያልቻሉም ነበሩ። በእኛም ዘንድ በኪራይ ውል ላይ ይህ ቢጻፍ መልካም ነው፦ መዝገቡን ማን ያየዋል፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል፣ አከራዩ ያለ ተከራዩ ዕውቀት መክፈት ይችላል ወይ። ቤት ውስጥ የምታገለግል ሰውም በሩ እንደሚመዘግብ ሊነገራት ይገባል፤ የራሷም ኮድ ይሰጣት፤ ያኔ የሌላ ሰው ጥፋት በእሷ አይላከክም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማላመቻምችበት አንድ ነገር አለ። ከውስጥ በኩል በሩ ያለ ኮድ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ መክፈቻ፣ እጀታውን በማዞር ብቻ መከፈት አለበት። እሳት ሲነሣ በጭስ ውስጥ ኮድ የሚያስታውስ የለም፤ ሕፃንም ስልክ አይዝም። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በቤይሩት አሠሪ ከውጭ ቆልፎ የሚሄድባቸው እህቶቻችን ያሉበትን ሁኔታ የምናውቅ ሰዎች፣ ከሩቅ ሆኖ ከውስጥ ያለውን ሰው መቆለፍ የሚያስችል ዕቃ በማንም ቤት እንዲገባ መፍቀድ የለብንም። አንዳንዱ ሞዴል የውስጡን እጀታ በመተግበሪያ ማገድ ይችላል፤ ሻጩ ይህን እንደ ልጅ መጠበቂያ ያቀርበዋል። ይህ አማራጭ ያለውን አትግዙ፤ ተገጥሞ ካገኛችሁትም አስነሡት።

ባለ ብልህ መቆለፊያ ቤት ሲሸጥ ወይም ሲለቀቅ ደግሞ የብረት መክፈቻዎቹን ቆጥሮ መረከብ በቂ አይደለም። የቀድሞው ባለቤት በስልኩ ያለው ዋና ፈቃድ ካልተሰረዘ ቤቱ አሁንም ይከፈትለታል። ርክክቡ በሩ ላይ ቆሞ ይደረግ፤ መቆለፊያው ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለስ፤ አሮጌው ኮድ፣ ካርድና አሻራ አለመክፈታቸው ይሞከር፤ አዲሱ ባለቤት በራሱ ስልክና በራሱ ኮድ ይመዝገብ፤ ቀሪው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይፈጸም።