አደራ

አደራ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው መንገደኛ ለጎረቤቱ የሚተወው ገንዘብ ነው፤ ግእዙ ግን ማሕፀንት ይለዋልና፣ ይህም «ተማፀነ» ከምንለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ በመሆኑ፣ አደራ ሰጪው ንብረቱን ብቻ ሳይሆን ራሱንም በተቀባዩ እጅ መጣሉን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ ጥናት፣ ተመራማሪዎች በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ስለ ጽኑ የአእምሮ ሕመም በመረመሩ ጊዜ፣ ከጎረቤት የተሰወረውን፣ ምናልባትም ለንስሐ አባት ወይም ለሼኽ ብቻ የተገለጸውን ጭንቀት ለማያውቁት ጠያቂ የነገሩ ሁሉ የሰጡት ማሕፀንት ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ በሣጥን ተቆልፎ ቢሻግት፣ ሌላው ሊቅ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ያንኑ ደጅ ዳግመኛ ማንኳኳቱ አይቀርምና፣ ይህ መቅበር እንጂ መጠበቅ አይባልም (መክሊቱን የቀበረውን ሰው አንባቢ ያውቀዋል)። ለሌላው ሲሰጥም ስምን መፋቅ ብቻ አይበቃም፤ በትንሽ ቀበሌ ዕድሜና ሥራ፣ የሕመሙም ዓይነት ከተጻፉ፣ ሰውዬው በስሙ የተጠራ ያህል ነው። እባካችሁ ተመራማሪዎች፣ ፈቃድ ስትጠይቁ፣ ቃሉ ነገ ለሌላ ጥናት ሊተላለፍ እንደሚችል ለባለቤቱ በሚሰማው ቋንቋ አስቀድማችሁ ንገሩት።