አንድ መቶ በአንድ መቶ

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ላወጋህ የፈለግሁት ከፖስታ ቴምብር ስለማይበልጥ ሥዕል ነው። ወርዱ 100 ፒክስል፣ ቁመቱም 100 ፒክስል፤ ክብደቱ ከ40 ኪሎባይት እንዳያልፍ የተወሰነበት። ይህን ልክ ያወጣው ብራድ ፊትዝፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በ1999 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰድልኝ) የመሠረተው ላይቭጆርናል የተሰኘ ድረ ገጽ ነው። ሰዎች የዕለት ማስታወሻቸውን ይጽፉበት ነበር፤ ከጽሑፋቸውም ጎን ፊታቸውን የሚተካ አንድ ትንሽ ምስል ያኖራሉ። ምስሉን «አይከን» አሉት። በዚህች ጠባብ ሰሌዳ ላይ አንድ ሙሉ የእጅ ጥበብ በቅሎ፣ አብቦ፣ ብዙው ረግፏል።

አይከን የሚባለው ነገር በላይቭጆርናል አልተጀመረም። ሱዛን ኬር በ1984 ለወጣው የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ፈገግ የሚለውን ትንሽ ማሽንና የቆሻሻ መጣያውን ስትነድፍ የነበራት ቦታ 32 በ32፣ ማለትም 1,024 ነጥብ ነበር፤ ያውም ጥቁርና ነጭ ብቻ። በካሬ ወረቀት ላይ ቤቶቹን አንድ በአንድ እያጠቆረች ሠራችው። ንድፎቿ ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ይገባታልም። እሷ ግን የተነሣችው ከባዶ ወረቀት ነው። እኔ የማወሳቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ የተነሡት ከሞላ ማዕድ፣ ከቴሌቪዥን ድራማና ከፊልም ነው።

ሥራው የሚጀምረው በማስቆም ነው። 42 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ የድራማ ክፍል በሴኮንድ 24 ምስል ቢሰላ 60,480 ምስሎች አሉት። አይከን ሠሪዋ ከእነዚህ አንዱን ትመርጣለች፤ ተዋናይቱ ልትናገር ከንፈሯን ከፍታ ገና ድምፅ ያላወጣችበትን፣ ወይም ፊቷን ከካሜራው ልታዞር የጀመረችበትን። ተመልካች በዓይኑ ሥር አልፎ ሳለ ያላየው ቅጽበት ነው። ግጥም የሚሞክር ሰው ይህን ጭንቅ ያውቀዋል። ቃሉ የሁሉም ነው፤ በመዝገበ ቃላት ተኝቷል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ያንን አንሥቶ እዚያች ስንኝ ላይ ማዋሉ ግን የገጣሚው ነው።

ምስሉን መያዝም ቀላል አልነበረም። በዚያን ዘመን በኮምፒውተር ዲቪዲ እያጫወቱ ፕሪንት ስክሪን የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ጥቁር አራት ማዕዘን ነበር፤ ቪዲዮው ከቀሪው መስኮት ተለይቶ በሌላ መንገድ ስለሚሳል ቁልፉ አይደርስበትም። ስለዚህ የራሱ ምስል መያዣ ያለው ማጫወቻ መፈለግ ግድ ነበር። ከአንድ ክፍል ብዙ መቶ ምስል ይዘው ለማንም ፈላጊ የሚያድሉ ሰዎችም ነበሩ፤ እነርሱ ራሳቸው አይከን አይሠሩ ይሆናል፣ ያለ እነርሱ ግን ብዙው አይሠራም ነበር።

ከዚያ መቀስ። የዲቪዲው ምስል 720 በ480፣ በድምሩ 345,600 ነጥብ ነው፤ የሚተርፈው 10,000 ብቻ። እኔ በባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ የደንበኛን ፊርማ ከመስኮቱ ጥግ ካለች ትንሽ ምስል ጋር ሳስተያይ ስለምውል፣ ትንሽ ምስል ስንት ሰው ልትሸከም እንደምትችል አልጠራጠርም። ጎበዞቹ ሠሪዎች ግማሽ ፊት፣ አንድ እጅ፣ የትከሻ ጥግ ብቻ ያስቀሩና ቀሪውን ባዶ ይተዉታል። ከጠባብ ቦታ ላይ ባዶ መተው ድፍረት ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቀለሙ ነው። የቆመ የቴሌቪዥን ምስል ጨለማና አመዳም ነው። ሠሪዋ በፎቶሾፕ ምስሉን ታባዛውና ቅጂውን «ስክሪን» በሚባለው ስልት በላዩ ላይ ታነጥፈዋለች። ግማሽ ብርሃን የነበረው ነጥብ ሦስት አራተኛ ይሆናል፤ ድፍን ጥቁሩና ድፍን ነጩ ግን ባሉበት ይቆያሉ። ቀጥላ ጥቁር ሰማያዊ ንጣፍ «ኤክስክሉዥን» በሚባለው ስልት ትጨምራለች፤ ጥላው ወደ ሰማያዊ፣ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ያ አሮጌ ፎቶግራፍ የሚመስል፣ የ2000ዎቹን አጋማሽ አይከን ከሩቅ የሚያስለይ ወዝ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። የፈዘዘውን ደግሞ «ሶፍት ላይት» ያነቃዋል። ይህንን ሁሉ የቀለሙ ቁጥር እንኳ ሳይቀር እየጻፉ ለጀማሪ ይሰጡ ነበር። ሆኖም በሻማ ብርሃን የተቀረጸውን ትዕይንት ያስዋበው አሠራር በቀትር የተቀረጸውን ያበላሸዋል። ቅመሙ አንድ ቢሆንም እጅ ይለያል።

እጅ መለየቱን ራሳቸው ሠሪዎቹ ይፈትኑት ነበር። «የመጨረሻዋ አይከን ሠሪ» እንደማለት ባለው ውድድራቸው ለሁሉም የሚሰጣቸው ያው ጥቂት ምስል ነው፤ በየዙሩ በድምፅ ዝቅ ያለው ይወጣል፤ አንድ እስኪቀር። ከአንድ ምስል ሃያ ሰው ሃያ ፊት ሲያወጣ ያየ ሰው፣ ነገሩን ቅጂ ብሎ ለማለፍ የሚደፍር አይመስለኝም።

በሌላ እጅ ከተሠራ ምስል ተነሥቶ፣ ቀለም ሰጥቶ የራስ ማድረግ ለእኛም አገር ሥዕል እንግዳ አይደለም። በ1590 እና በ1591 በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውን የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ይዞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ገባ። መስመሩ ጥቁር ነበር። የጎንደር ዘመን ሥዓልያን በብራና ላይ ቀይና ቢጫ ሰጡት፤ ፊቱንም ዓይኑንም የእኛ አደረጉት። ዛሬ እነዚያን ብራናዎች የሚያይ ሰው ጎንደርን ያያል እንጂ ሮምን አያይም። አብዛኞቹ ሥዓልያን ስማቸውን አልተዉም።

አይከን ሠሪዎቹ ግን ስም ይፈልጉ ነበር፤ ክርክሩም እዚህ ላይ ነው። ምስሉ የፊልም ኩባንያው ንብረት ሆኖ ሳለ፣ «ከወሰዳችሁ ስሜን ጥቀሱ፣ እንደገና አትቀይሩት» ይላሉ። ራሱ ያልተፈቀደለት ሰው ሌላውን ይከለክላል እያሉ የሚስቁባቸው ነበሩ። እኔ ሣቁ አይገባኝም። የጠየቁት ገንዘብ አይደለም፤ ከ60,480 መካከል ያቺን አንዷን ማን እንዳየ ይታወቅ ነው ያሉት። ላይቭጆርናልም ከያንዳንዱ አይከን ጋር አጭር ማስታወሻ የሚጻፍባት ቦታ ነበረው፤ ጨዋ ተጠቃሚ የሠሪዋን የብዕር ስም እዚያ ያሰፍራል።

ዘመኑ ረጅም አልሆነም። ላይቭጆርናል በ2005 መጀመሪያ ለሌላ የአሜሪካ ኩባንያ፣ በ2007 መጨረሻ ደግሞ ለሩሲያ ኩባንያ ተሸጠ፤ ወጣቱም ወደ ተምብለርና ወደሚንቀሳቀሱ ምስሎች ሄደ። ከሁሉ የከፋው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሠሪዎቹ ሥራቸውን ያከማቹ የነበሩት ፎቶበኬትን በመሰሉ የምስል ማስቀመጫዎች ነበር። ፎቶበኬት በ2017 በጋ፣ ምስሉ በሌላ ገጽ ላይ እንዲታይ የሚፈልግ በዓመት 400 ዶላር ገደማ ይክፈል አለ። በማግስቱ ዓመት ዋጋውን ቢቀንስም፣ በብዙ አሮጌ ገጾች ላይ አይከኖቹ በተደረደሩበት ቦታ የድርጅቱ ማስታወቂያ ተደርድሮ ነበር። ከሥር «ቁጥር 7ን ወሰድኩ፣ አመሰግናለሁ» የሚለው የአንባቢ ቃል ብቻ ቀርቷል፤ ሰባተኛው ምን እንደነበረ የሚያሳይ ነገር የለም።

ጥቂቶቹ ተርፈዋል። በ2009 የተከፈተው ድሪምዊድዝ ከላይቭጆርናል የሚፈልስን ሰው ጽሑፉንም አይከኑንም አብሮ ያጓጉዝለታል። አንዳንዶቹን ከፍቼ አይቻለሁ። ድራማው ካበቃ ቆይቷል፤ ሥዕሏ ግን አሁንም ጥላዋ ሰማያዊ፣ ብርሃኗ ቢጫ ነው። ከጎኗ የሠሪዋ የብዕር ስም አለ፤ ከዚያ በታች ደግሞ ምስሉን ከዲቪዲው የያዘው ሰው።